ድመት «ሚያው» ስትል ለማን ነው?

የእህቴ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ልትጠይቀን መጣችና ስልኳን ሚጡ አፍንጫ ሥር ደቀነችው። ሚጡ ድመታችን ናት። ግራጫ ናት፤ አምስት ዓመቷ ነው፤ የቀኝ ጆሮዋን ጫፍ የጎረቤት ድመት ቀዶታል። የማድ ቤቱ በር ሥር ቁጭ ብላ «ሚያ-አ-አው» አለች። ስልኩ ትንሽ አሰበና ትርጉሙን አወጣ፦ «እወድሻለሁ»። ልጅቷ በደስታ ጮኸች። እኔ ተነሥቼ በሩን ከፈትኩ። ሚጡ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ በመካከላችን አለፈችና የምትጸዳዳበት አሸዋ ሣጥን ላይ ወጣች።

የድመት ድምፅ እንተረጉማለን የሚሉ መተግበሪያዎች በዝተዋል። ትልልቆቹም ገብተውበታል። የቻይናው የቴክኖሎጂ ኩባንያ ባይዱ የእንስሳትን ድምፅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደ ሰው ቋንቋ ለሚመልስ ሥርዓት የፓተንት ማመልከቻ ማስገባቱ በፈረንጆቹ 2025 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም የፈረንጆች ናቸው) ተሰምቶ ብዙ ተወርቶለታል። ሰው የሚጠይቀው «መቼ ይደርሳል?» እያለ ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ለመተርጎም መጀመሪያ ቋንቋ መኖር አለበት። ድመቶች ሁሉ የሚጋሩት፣ «ሚያው» አንድ ፍቺ የያዘበት ቋንቋ አለ ወይ?

እስቲ አስቡት። ሁለት ያደጉ ድመቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው «ሚያው፣ ሚያው» ሲባባሉ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሲጣሉ ሰምታችኋል። ጣራ ላይ ሲፈላለጉም ሰምታችኋል። ያንን ተራ «ሚያው» ግን እርስ በርስ እምብዛም አይጠቀሙበትም። በመካከላቸው የሚነጋገሩት በጠረን፣ በጭራ፣ በጆሮና በዓይን ነው። «ሚያው» የግልገል ድምፅ ነው። ሲርባት፣ ሲበርዳት ወይም ከጎጆዋ ስትርቅ እናቷን የምትጠራበት። ጡት ስትጥልና ስታድግ እናትየዋ መስማት ትተዋለች፣ ልጅቷም መጥራት ትተዋለች። ሰው ቤት ያደገች ድመት ግን አትተወውም። የሚሰማት አለና። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ይባል የለ? እዚህ ያልተረሳው ዓመል የልጅነት ነው።

የቤት ድመት የመጣችው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው። ይቺ የዱር ድመት ዛሬም በእኛው አገር ጫካና ቁጥቋጦ ውስጥ ትኖራለች። ቀለሟ አቧራማ ነው፤ እግሯ ረዘም ያለ ነው፤ ሩቅ ሆና ላያት የጎረቤት ድመት ትመስላለች። ከሰው ጋር የኖረችበት ዘመን ረጅም ነው። ቆጵሮስ ደሴት ላይ ከሰው አጠገብ የተቀበረች የ9,500 ዓመት ድመት ተገኝታለች። በዚህ ሁሉ ዘመን ምን ተለወጠ የሚለውን ኒኮላስ ኒካስትሮ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በድምፅ በኩል ለማየት ሞከረ። ፕሪቶሪያ መካነ አራዊት ያሉትን የዱር ድመቶች ቀዳ፣ የቤት ድመቶችንም ቀዳ፣ ከዚያ ለሰዎች አሰማ። በ2004 የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል፦ የቤት ድመቶቹ ጩኸት አጠር ያለና ቀጠን ያለ ነው፣ ለሰው ጆሮም ደስ ይላል። የዱሮቹ ረዘም ያለና ወፍራም ነው። ባጭሩ ድምፃቸው ወደ እኛ ጆሮ ተጠግቷል። እኛ አስበን አላደረግነውም። ምናልባት ከብዙ ድመቶች መካከል ድምፃቸው የማያስጠላውን አስጠግተን፣ የሚያስጠላውን በድንጋይ ስላባረርን ይሆናል።

ይኸው ኒካስትሮ ከማይክል ኦውረን ጋር ሆኖ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሌላ ሙከራ ሠርቶ ነበር። ድመቶች በአምስት የተለያዩ ሁኔታዎች ያሰሙትን «ሚያው» ለሰዎች አሰምተው «ይቺ ምን ፈልጋ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሰዎቹ መለሱ፤ ግን በግምት ከሚገኘው ብዙም አልራቁም። ከድመት ጋር የኖሩት ትንሽ ተሻሉ። የማያውቁትን ድመት ድምፅ ብቻውን ሰምቶ መረዳት ከባድ ነው ማለት ነው። ታዲያ ሚጡን እኔ እንዴት ነው የምረዳት?

ሚስጥሩ ያለው ማቀዝቀዣው ዘንድ ይመስለኛል። ግልገል ድመት ወደ ቤት ስትገባ የተለያየ ድምፅ ታወጣለች። አንዱን ስትል ሰው ዞር ብሎ አያያትም። ሌላውን ስትል ማቀዝቀዣው ይከፈታል። ማቀዝቀዣውን የከፈተው ድምፅ ይቀራል፣ ሌላው ይጣላል። ከወራት በኋላ እኔና እሷ የምንግባባባቸው ጥቂት ድምፆች ይኖሩናል። እሷ አስተማረችኝ ልበል፣ እኔ አስተማርኳት? ሁለታችንም ተማርን። ችግሩ ያ መዝገበ ቃላት ከበራችን አይወጣም። ሚጡ በር ለማስከፈት የምታሰማው «ሚያ-አ-አው» ጎረቤት ቤት ላለችው ድመት የምግብ ጥሪ ሊሆን ይችላል። መተግበሪያው የተሳሳተው ደካማ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የሰማው የኛን ቤት ቃል ሲሆን የፈታው በሰው ቤት መዝገበ ቃላት ነው። የባይዱ ሐሳብም ድምፅን ብቻውን አልያዘም፤ የእንስሳውን እንቅስቃሴና የሰውነት ምልክትም አብሮ ለመሰብሰብ ነው ያቀደው። ድምፅ ብቻውን እንደማይበቃ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

ይህን ስል የጋራ ነገር ፈጽሞ የለም ማለቴ አይደለም። ዜማው አለ። በስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ሱሳን ሾትስ የሰው ንግግር ድምፅ ባለሙያ ናት። በሥራዋ የምትጠቀምበትን መሣሪያ ወደ ድመቶቿ አዞረችው። ድመቶች ምግብ ሲጠብቁ የ«ሚያው»ው ዜማ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ ይወጣል፣ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሲወሰዱ ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል፤ ውጤቱ ያዘነበለው ወደዚህ ነው። ለዚህና ለመሰል ሥራዎቿ በ2021 ኢግ ኖቤል የሚባለውን፣ መጀመሪያ የሚያስቅ ከዚያ የሚያሳስብ ምርምር የሚሸለምበትን ሽልማት አገኘች። እቤታችሁ ሞክሩት። ምሳ ሲቀርብ ድመታችሁ የምትለውንና በካርቶን ተዘግታ ታክሲ ውስጥ የምትለውን አነጻጽሩ። የታክሲዋ ድምፅ እንደ ለቅሶ ወደ ታች ይንሸራተታል።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን አንዲት ሴት ነበረች። ሚልድረድ ሞልክ ትባላለች። በ1944፣ ዓለም በጦርነት ላይ ሳለ፣ የቤት ድመት ድምፆችን ለቅማ 16 ዓይነት አድርጋ ጻፈች። እኔን የገረመኝ ቁጥሩ አይደለም፣ የመደበችበት መንገድ ነው። ድምፆቹን የለየቻቸው በአፍ ነው። አፍ ተዘግቶ የሚወጡ፤ አፍ ተከፍቶ ቀስ እያለ ሲዘጋ የሚወጡ፤ አፍ ተወጥሮ እንደተከፈተ የሚወጡ። አሁን «ሚያው» በሉ፣ ቀስ አድርጋችሁ። «ም» ላይ ከንፈራችሁ ገጥሟል። «ያ» ላይ ተከፈተ። «ው» ላይ ሞጥሞጥ ብሎ ሊዘጋ ነው። አባቶቻችን ቃሉን ሲያወጡ የድመቷን አፍ እያዩ ነበር ያሰኛል።

አፍ ተወጥሮ የሚወጣው ድምፅ አስተርጓሚ አያሻውም። «ህስስ» እና «እፍፍ» የምትለው ድመት ውጊያ አልፈለገችም፣ «አትምጣብኝ» እያለች ነው። ጆሮዋ ወደ ኋላ ተኝቷል፤ ጠጉሯ ቆሟል። ለልጆች ማስተማር ያለብን የመጀመሪያው የድመት ድምፅ ይሄ ነው። ሰምተው እጃቸውን ይሰብስቡ።

አፍ ተዘግቶ የሚወጣው ግን የዋህ ነው። ሚጡ ከውጭ ስትገባ «ምርርር?» ትላለች፣ መጨረሻውን እንደ ጥያቄ ከፍ አድርጋ። እናት ድመት ወደ ግልገሎቿ ስትመለስ የምትጠቀምበት ድምፅ ነው። ሰላምታ ነው፤ «ተከተሉኝ»ም ይሆናል። በዚህ ድምፅ የሚቀበላችሁ ድመት ካለ እንደ ቤተሰብ ቆጥሯችኋል።

መስኮት ላይ የሚሰማው ደግሞ እንግዳ ነው። የኮንዶሚኒየማችን መስኮት ላይ ርግብ ሲያርፍ ሚጡ ትጠጋና አገጯ ይንቀጠቀጣል፣ ጥርሷም «ቀቀቀቀ» ይላል። ልክ ብርድ እንደመታው ሰው። አንዳንዶች ያየችውን መያዝ ያልቻለች ድመት ብስጭትና ጉጉት ነው ይላሉ። ሌሎች ያደነችውን አንገት የምትነክስበትን ንክሻ በባዶ አፍ እየተለማመደች ነው ይላሉ። ወፉን ልታስመስል እየሞከረች ነው የሚሉም አሉ። ይሄ የመጨረሻው ቀልድ ይመስላል። ሆኖም ብራዚል ውስጥ ማናውስ አጠገብ ማርጌይ የተባለች የዱር ድመት የጦጣ ግልገል ድምፅ እያስመሰለች ስታባብል ተመራማሪዎች አይተው በ2010 ይፋ አድርገዋል። የሚጡን በተመለከተ እኔ ከጉጉት ወገን ነኝ። ርግቡ ሲበር ዞር ብላ የምታየኝ ዓይን የተናደደ ዓይን ነው።

አሁን ወደ ትልቁ እንምጣ። እቅፍ ውስጥ ሆና ደረቷ ሞተር እንዳለው የሚንቀጠቀጥበት ድምፅ። አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ይደናገራል። እናቴ «ድመቷ ታንኮራፋለች» ትላለች፣ ሌላው «ታንጎራጉራለች» ይላል። ማንኮራፋት የእንቅልፍ ስለሆነ እኔ ማንጎራጎርን መርጫለሁ። ለራስ የሚዘፈን ዘፈን ስለሚመስል።

ድመት የምታንጎራጉረው ወደ ውስጥ ስትተነፍስም ወደ ውጭ ስትተነፍስም ነው። ለዚህ ነው የማይቋረጥ የሚመስለው። ድምፁ በሰከንድ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ይርገበገባል። እንቆቅልሹ እዚህ ላይ ነው። ወፍራም ድምፅ የሚመጣው ከትልቅ ማንቁርት ነው፤ የክራርን ቀጭን ክር አስቡትና ከወፍራሙ አነጻጽሩ። አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት ከየት አምጥታ ነው የዝሆን ጎረቤት የሆነ ድምፅ የምታወጣው? ለብዙ ዓመታት የተሰጠው መልስ ጡንቻ ነበር። አንጎል ያዛል፣ የማንቁርት ጡንቻ በሰከንድ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ይኮማተራል፣ ድምፁም ይወጣል። በ2023 የቪየና ዩኒቨርሲቲው ክርስቲያን ኸርብስት ይህን ጥያቄ ውስጥ ከተተው። ሰውዬው ቀደም ሲል የዝሆንን ማንቁርት ያጠና ነው። በማይድን በሽታ ምክንያት ሐኪም እንዲሞቱ ካደረጋቸው ስምንት ድመቶች፣ በባለቤቶቻቸው ፈቃድ፣ ማንቁርታቸውን ወሰደ። ከዚያ እርጥብና ሞቅ ያለ አየር አሳለፈባቸው። አንጎል የለም። ነርቭ የለም። ስምንቱም አንጎራጎሩ። የድምፅ አውታሮቻቸው ውስጥ እንደ ትራስ የተቀመጠ ሕብረ ሕዋስ አለ፤ አውታሩን ከብዶ የሚያዘገየው እሱ ይመስላል። በሕይወት ያለች ድመት ጡንቻዋን ፈጽሞ አትጠቀምም ማለት ግን አይደለም፤ ክርክሩ ገና አልተዘጋም።

ድመት የምታንጎራጉረው ደስ ሲላት ነው ብለን ነው ያደግነው። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ልጅ ሳለሁ የአያቴን ድመት ባጃጅ ገጨው። ተሸክመን አምጥተን ምድጃው አጠገብ ጆንያ ላይ አስተኛነው። አያቴ ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠችና «ደኅና ነው፣ እያንጎራጎረ ነው» አለች። ሁላችንም እፎይ አልን። ለሊቱን ሞተ። ድመት ስትጎዳም፣ ስትታመምም፣ ስትወልድም ታንጎራጉራለች። ራሷን ለማረጋጋት ይሆናል። አጥንት ይፈውሳል የሚል ወሬም በየቦታው ይዞራል፤ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። ስለዚህ የማትበላ፣ ጥግ ይዛ የተኮራመተች ድመት ስታንጎራጉር ብትሰሙ እንደ አያቴ እፎይ አትበሉ።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ተንኮለኛው። እንግሊዝ ውስጥ የሳሴክስ ዩኒቨርሲቲዋ ካረን ማኮምብ ፔፖ የሚባል ድመት ነበራት። ጠዋት ጠዋት እያንጎራጎረ ይቀሰቅሳታል፣ እሷም ችላ ልትለው አልቻለችም። ለምን እንደሆነ ለማወቅ የሌሎች ድመቶችንም ድምፅ ቀድታ አጠናች። በ2009 ያወጣችው ግኝት ይህ ነው፦ ድመቶች ምግብ ሲፈልጉ በሚያንጎራጉሩት ውስጥ ቀጠን ያለ ጩኸት ደብቀው ይጨምራሉ። የጩኸቱ ቅጥነት ከሕፃን ልቅሶ ጋር ይቀራረባል። ድምፁን ለ50 ሰዎች አሰማች። ድመት አሳድገው የማያውቁት እንኳ «ይሄኛው አጣዳፊ ነው፣ ይረብሻል» አሉ። ያንን ቀጭን ድምፅ ከቅጂው ስታወጣው ጥድፊያው ቀነሰ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ደረቴ ላይ ወጥታ የምታንጎራጉረውን ሚጡን እስካሁን «ወደደችኝ» እያልኩ ነበር የምነሣው። የሥጋ ቤት ወረፋ አስያዥ ነበረች ለካ።

በ2025 ደግሞ ከኔፕልስና ከበርሊን የተውጣጡ ተመራማሪዎች ሁለቱን ድምፆች ጎን ለጎን አስቀመጡ። ድመትን ከድመት ለመለየት የሚሻለው ማንጎራጎሩ ሆኖ ተገኘ። «ሚያው»ው በአንዷ ድመት ውስጥ እንኳ ይለዋወጣል፣ በቤት ድመቶች ላይ ደግሞ ከዱሮቹ የበለጠ። እንደ ሁኔታው የሚጠመዘዝ መሣሪያ ነው። ለመዝገበ ቃላት ከዚህ የባሰ ቃል አይገኝም።

ስለ ሌሊቱ ጩኸት ሳላነሣ ብቀር ጎረቤቶቼ ይታዘቡኛል። ቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚሰማው፣ ሕፃን የተጣለ የሚያስመስለው ዋይታ። አንዳንዴ ሁለት ወንዶች ድንበር ሲጣሉ ነው። አንዳንዴ ወንድ የምትፈልግ ሴት ናት። የሴት ድመት የወሲብ ወቅት የሚነሣው በብርሃን ርዝመት ነው። ክረምት ላይ ቀኑ በሚያጥርበት በአውሮፓ ጥቂት ወራት ጸጥታ አለ። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነችው አዲስ አበባ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም፣ ስለዚህ ጩኸቱም በጋ ክረምት አይልም። ማምከን ብዙውን ያስቀረዋል። ውሃ መድፋት አያስቀረውም፣ ሞክረናል።

የድመታችሁን ድምፅ የማወቅ ትልቁ ጥቅም ሲለወጥ መስማት ነው። ወንድ ድመት አሸዋው ላይ ደጋግሞ እየተቀመጠ፣ እያማጠ፣ ሽንት ሳይወጣው ከጮኸ የሽንት ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። በአንድ ሁለት ቀን ይገድላል፤ ለነገ የሚባል አይደለም። ያረጀች ድመት በድንገት ሌሊት ሌሊት ቤቱን እየዞረች መጮህ ከጀመረች ታይሮይድ፣ የደም ግፊት፣ መስማት አለመቻል ወይም እርጅና ያመጣው መርሳት ሊሆን ይችላል። በአገራችን ደግሞ ሌላ የሚጨመር አለ። ድምፁ የጎረነነ ወይም የተለወጠ፣ ያለ ምክንያት የሚናከስ ድመት ካያችሁ አትንኩት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ነው።

አንድ የቀረኝ አለ፤ ከባለቤቴ ጋር ያጣላኝ። አንካራ ውስጥ የተሠራ ጥናት ነው፣ በ2025 የወጣ። 31 ድመት አሳዳጊዎች ቤታቸው ሲገቡ የድመታቸውን አቀባበል በካሜራ ቀረፁ። በመጀመሪያዎቹ 100 ሰከንዶች ድመቶቹ ለወንዶች በአማካይ 4.3 ጊዜ ድምፅ አሰሙ፤ ለሴቶች 1.8 ጊዜ። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «እኔን ነው የምትወደው ብዬሽ ነበር» አለ። ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ግምት ግን ሌላ ነው። ሴቶች ሲገቡ ድመቷን ያናግሯታል፣ ወንዶች ብዙም አያናግሩም፤ ስለዚህ ወንዱ ልብ እንዲላት ደጋግማ መጮህ አለባት። በእርግጥ ጥናቱ ትንሽ ነው፣ የአንድ አገር ብቻም ነው።

ትናንት ማታ እሱ ሲገባ ሳሎን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ሚጡ በሩ ላይ ጠበቀችው። ቁልፉን አስቀመጠ፤ አንድ። ጫማውን አወለቀ፤ ሁለት፣ ሦስት። ስልኩን አየ፤ አራት፣ አምስት። ስድስተኛዋ ረዘመች። «አንቺ ደሞ ምን ፈለግሽ?» አላት ዝቅ ብሎ። እሷም «ምርርር?» ብላ ራሷን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አሸችና ዝም አለች።